ከቤይሩት የተመለሰች እህቴን እንዴት ልርዳት? የላከቻት ደላላስ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ታናሽ እህቴ ቤይሩት አራት ዓመት ሠርታ ከሰባት ወር በፊት ተመለሰች። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ደመወዝ አልከፈሏትም። መጀመሪያ አካባቢ ግን ትልክ ነበር፤ የቤቱን ውዝፍ የከፈልነውም በዚያ ነው። አሁን ቀኑን ሙሉ መኝታ ቤት ዘግታ ትውላለች። ሌሊት አትተኛም። ሰው ሲመጣ ትደበቃለች። እናታችን "ጸበል እንውሰዳት" ትላለች። ወንድሜ "ሱቅ እንክፈትላት" ይላል። እሷ ግን "በዱባይ በኩል መልሳችሁ ላኩኝ" ነው የምትለው። ፈርተን ፓስፖርቷን ደብቀነዋል። ያኔ የላከቻት ሴትዮ እዚሁ ብሎካችን አለች፣ የእድራችንም አባል ናት። ሰሞኑን ደግሞ የጎረቤታችንን ልጅ "ፓስፖርት ላወጣላት ነው" እያለች ነው። ልጅቷ 17 ዓመቷ ነው። ብናገር የእህቴ ስም ይነሳል ብዬ ፈራሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦

እህቴ፣ ከሁሉም በፊት ፓስፖርቷን መልሱላት። ዛሬ ማታ።

ደነገጥሽ አይደል? በክፋት እንዳልደበቃችሁት ይገባኛል። እኔ ከዐረብ አገር የተመለሱ ሴቶች በሚያገግሙበት ማዕከል ማኅበራዊ ሠራተኛ ነኝ። ከአያት እስከ ለገጣፎ፣ ከየካ አባዶ እስከ እናንተው አራብሳ ድረስ ቤት ለቤት እዞራለሁ። ፓስፖርት ፍራሽ ሥር የሚሸጉጥ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቆልፍ፣ ለንስሐ አባት በአደራ የሚሰጥ ቤተሰብ ሞልቷል። ሁሉም የሚወዷት ናቸው። ግን ነገሩን በእሷ ዓይን እዪው። ቤይሩት የነበሩ ሴቶች የሚነግሩኝ ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ ፓስፖርት ይወሰዳል። ቀጥሎ ስልክ። ቀጥሎ በሩ ከውጭ ይቆለፋል። ማዳም ስትጠየቅ "እንዳይጠፋባት ነው፣ ለራሷ ብዬ ነው" ትላለች። እናንተም ይህንኑ እያላችኋት ነው።

ያ ቤት ምን ዓይነት እንደነበር ትንሽ ላስረዳሽ። ሊባኖስ ውስጥ የቤት ሠራተኛ የምትኖረው ከፋላ በሚሉት ሥርዓት ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ ነው። ከዚያ ቤት ከወጣች "ጠፊ" ትባላለች፣ ሕገ ወጥ ናት፣ ትታሰራለች። የአገሩ የሠራተኛ ሕግ ደግሞ በፈረንጆቹ 1946 ሲወጣ ጀምሮ የቤት ሠራተኛን ከጥበቃው ውጭ አድርጓታል። ደመወዝ ሲቀርባት ለማን ትናገር? ሰኔ 2012 አካባቢ የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያንን ከነሻንጣቸው ቤይሩት ባለው ቆንስላችን በር ላይ እያራገፉ ሄደዋል። መስከረም 2017 ላይ ጦርነቱ ሲብስ ደግሞ ራሳቸው ሲሸሹ ሠራተኛዋን ቤት ጥለው የሄዱ ነበሩ። እህትሽ ያየችውን፣ ከፈለገች፣ በፈለገችበት ቀን ትነግርሻለች። አንቺ አትጎትጉቻት።

አሁን የጻፍሽውን መልሰሽ አንብቢው። ስለ ጸበሉ እናትሽ ወሰነች። ስለ ሱቁ ወንድምሽ ወሰነ። ስለ ፓስፖርቱ ሁላችሁም ወሰናችሁ። እሷ የወሰነችው ግን አንድም ነገር የለም። አራት ዓመት ሙሉ መቼ እንደምትነሳ፣ ምን እንደምትበላ፣ ከማን ጋር እንደምታወራ ሌላ ሰው ሲወስንላት የኖረች ሰው ናት። ተመልሳ ቤቷ ገብታም ያው ነው። እኔ አንዲት ሴት እያገገመች መሆኑን የማውቀው በመሳቋ ወይ በመወፈሯ አይደለም። በቀን ውስጥ ስንቱን ነገር ራሷ እንደምትወስን ነው የማየው።

"ፓስፖርቱን ብሰጣት ብትሄድስ?" ትይኛለሽ። ልትሄድ ትችላለች። አዋቂ ናት። ግን መከልከል ምን እንደሚያመጣ እንደ አገር አይተነዋል። ጥቅምት 2006 መንግሥት ለሥራ ወደ ዐረብ አገር መሄድን አገደ። ብዙም ሳይቆይ ሳውዲ ከ160,000 በላይ ሰዎቻችንን አባረረች። እገዳው እስከ ጥር 2010 ቆየ። ታዲያ በእነዚያ ዓመታት ሰው መሄድ አቆመ? አላቆመም። በመተማ፣ በጋላፊ፣ በሞያሌ ሆነ መንገዱ። ኤጀንሲው ሲዘጋ የነገሠው ደላላ ነው። እህትሽም ከእናንተ ተደብቃ መሄድ ካለባት የምታማክረው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሷም እዚያው ብሎክ ውስጥ ናት።

ስለዚህ ፓስፖርቱን ስትመልሺላት እንዲህ በያት፦ "መደበቃችን ልክ አልነበረም። ያንቺ ነው። መሄድ ከፈለግሽ ቁጭ ብለን እናወራበታለን፣ ግን አትደብቂኝ።" ይህችን ታህል ብቻ። ስብከት አትጨምሪበት።

ከዚያ ቀጥሎ ያሉት ነገሮች ትንንሽ ናቸው። ሰው ይንቃቸዋል፤ እኔ ግን ከስልጠናና ከብድር በፊት የማስቀድመው እነሱን ነው። የመኝታ ቤቱ ቁልፍ በእሷ እጅ ይሁን፤ ከውስጥ ትቆልፈው፣ ሲላት ትክፈተው። ከሳሎን ሆናችሁ ስሟን ጮክ ብላችሁ አትጥሩ። ከሌላ ክፍል ስሟ ሲጠራ ዘላ የምትነሳ፣ የያዘችውን ብርጭቆ የምትጥል ሴት ብዙ አይቻለሁ። ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ፣ ቀስ ብላችሁ አናግሯት። እንግዳ ሲመጣ "ሻይ አቅርቢ" አትበሏት። መወልወያም አታስይዟት። በራሷ ጊዜ ተነስታ ወጥ ልሥራ ካለች ግን አትከልክሏት፤ "አይ አንቺ ዕረፊ" ማለትም ሌላ ዓይነት መከልከል ነው። በረኪና የሚያስመልሳቸውም አሉ። ሽታው ማዳም ቤት ይመልሳቸዋል። እንዲህ ያለ ነገር ካየሽ ቤቱን በሌላ ሳሙና እጠቡ፣ ምክንያቱንም አትጠይቋት።

"እንኳን ደህና መጣሽ" ለማለት የሚመጣውን ጎረቤት ደግሞ አንቺ በር ላይ ቀንሺው። መጠየቅ ጥሩ ነው፣ ባህላችን ነው። ግን ዓይኑ ሻንጣ ይፈልጋል። ባዶ እጇን መመለሷ የሚያሳፍራት በራሷ ሳይሆን በእኛ ዓይን ነው።

አሁን ትንሽ የሚጎረብጥ ነገር ላንሳ። በጥያቄሽ መሃል ጣል አድርገሽ ያለፍሻት ነገር አለች፤ የቤቱ ውዝፍ የተከፈለው እሷ በላከችው ነው። ቤቱ በማን ስም ነው?

አልወቅስሽም። ከዐረብ አገር በሚላክ ሐዋላ ያልቆመ ቤት ፈልጎ ማግኘት እስኪያቅት ድረስ ነው አካባቢያችን። ግን እህትሽ ዘግታ የምትውልበት ክፍል በእሷ ጉልበት የተከፈለ ሆኖ እሷ ግን እንደ ጥገኛ ነው የምትኖረው። ይህን ታውቀዋለች። አትናገረውም፣ ምክንያቱም ለቤተሰብ የላኩትን መቁጠር ነውር ነው። ሆድ ውስጥ ግን ይቀመጣል። "መልሳችሁ ላኩኝ" የሚለው ቃል ሥር ሲቆፈር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ገንዘብ ነው። ወይ የላከችው አልቆ ጠብቋታል፣ ወይ ለመሄጃ የተበደረችው አራጣ እየወለደ ነው። አንዳንዴ ሁለቱም ነው።

እንዲህ አድርጉ። እሷ ደኅና በምትሆንበት አንድ ቀን፣ እሺ ካለች፣ ሦስታችሁም ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡ። የላከችውን ጻፉ። የሐዋላ ደረሰኝም የባንክ ደብተርም ካለ አውጡት። የዋለበትን ጻፉ። ለመሄጃ የተከፈለውን ጻፉ፤ ለማን፣ ስንት፣ መቼ። ያልተከፈለ ዕዳ ካለ ከነወለዱ ጻፉ። ከዚያ እናትሽና ወንድምሽ በተቀመጡበት "ይህ ቤት ያንቺም ነው" ይባል። ቃሉ ብቻውን ብዙ ይሠራል። ከተቻለ ድርሻዋን በጽሑፍ አድርጉት። እንዴት እንደሚጻፍ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነፃ ያማክራችኋል። ወንድምሽ ለሱቅ ያዘጋጀው ብር ካለ ደግሞ መጀመሪያ አራጣው ይዘጋበት። ዕዳ ያለበት ሰው ሱቅ ቢከፈትለት ዕቃው በሁለት ወር ለአበዳሪው ይሄዳል።

ስለ ሱቁ ሌላም የምለው አለኝ። እንቅልፍ የሌለው ሰው ቆጣሪ ጀርባ ተቀምጦ ዱቤ መመዝገብ አይችልም። ለተመላሾች በችኮላ የተከፈተ ሱቅ፣ በችኮላ የተገዛ ዶሮ፣ በችኮላ የተደራጀ ማኅበር ሲፈርስ አይቻለሁ። ሲፈርስ ደግሞ "ይህችም አቃታት" ተብሎ በእሷ ላይ ይጻፋል። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ እንቅልፍ፣ ከዚያ ሰውነት፣ ከዚያ ዕዳ፣ ከዚያ ሥራ ነው። ሥራው ሲመጣ ደግሞ ምን እንደምትችል ጠይቋት። ዐረብኛ ትናገራለች። ሙሉ ቤት አስተዳድራለች። ምግብ ታውቃለች፤ ምናልባት ሕፃን አሳድጋለች፣ አዛውንት ተንከባክባለች። ይህ ሙያ ነው፣ እዚህም ገበያ አለው። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለእናንተ ቅርብ ነው፣ ወዲያው "እዚያ ግቢ" የሚላት ሰውም አይጠፋም። ደመወዙ ግን ሳውዲ ከሚከፈለው 1,000 ሪያል ጋር አይወዳደርም፤ ይህን ደብቀን እንድትገባ ብናደርግ በወሩ ትወጣለች። እውነቱን አውቃ ከመረጠችው ግን ጥሩ መሸጋገሪያ ነው፤ ማለዳ መነሳት፣ ሰው ማግኘት፣ የራስን ብር መቁጠር።

ወደ ጤናዋ ልምጣ። ሰባት ወር ረጅም ነው። አለመተኛት፣ መደንገጥ፣ ሰው መሸሽ በዚህ ሁሉ ጊዜ ካልቀነሰ ሐኪም ማየት አለባት። "አብዳለች" ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ያሳለፈ ሰው አእምሮው ጥበቃ ላይ እንደቆመ ይቀራል፤ አደጋው ማለፉን አያምንም። ይታከማል። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ሪፈር ይጽፉላችኋል። የካ ኮተቤ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለው፣ ለእናንተ ከአማኑኤል ይቀርባል፤ "አማኑኤል ገባች" የሚለውንም ሐሜት ትገላገላላችሁ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ካላችሁ ስሟ መዝገቡ ላይ መኖሩን ወረዳ ጠይቁ። ውጭ የነበሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይዘለላሉ። መድኃኒት ከተሰጣት ለመሥራት ሳምንታት ይፈጃል። "አንድ ሳምንት ወስጄ ምንም የለውም" ብላ እንዳታቆም አብረሻት ሁኚ። ሐኪም ቤት ሳላችሁ ሙሉ ምርመራ ታድርግ፤ ሳንባ፣ ጉበት፣ ወገብ፣ የሴት ጤናም። ግን ከሐኪሙ ጋር ብቻዋን ትግባ። አንቺ ውጭ ጠብቂ። ለሐኪም የምትነግረው ለእህት የማይነገር ሊሆን ይችላል።

"ብሞት ይሻለኛል" ካለች፣ ወይም ነገሮቿን ለሰው ማደል ከጀመረች ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። ያን ቀኑኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት። ብቻዋን አትተዋት። በረኪናና የአይጥ መርዝ ከቤት ይውጣ። "ራስሽን ስለ መጉዳት እያሰብሽ ነው?" ብለሽ በቀጥታ ጠይቂያት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም።

ጸበሉን አልቃወምም። እናትሽን አትጋፊያት። ብዙዎቹ እንጦጦ ወጥተው፣ ሽንቁሩ ሚካኤል ተጠምቀው ልባቸው ያረፈ አሉ። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በይ። አንደኛ፣ ራሷ ፈቅዳ ትሂድ፤ ተጎትታ የሄደችበት ቦታ አይፈውሳትም። ሁለተኛ፣ መድኃኒት ከጀመረች ለጸበል ብላ አታቋርጥ። ሁለቱ አይጣሉም።

አሁን ስለ ሴትዮዋና ስለ ልጅቷ።

ብዙ ሰው ደላላ ሲባል ጥቁር መነጽር ያደረገ የማይታወቅ ሰው ይመስለዋል። እኔ የማውቃቸው ደላሎች አብዛኞቹ እንዲህ እንዳንቺ ጎረቤት ናቸው፤ ቡና የሚጠራሩ፣ እድር የሚከፍሉ፣ ልቅሶ ላይ ድንኳን የሚተክሉ። ሰው የሚያምናቸውም ለዚህ ነው። አንዳንዶቹ ራሳቸው ዐረብ አገር የነበሩ ናቸው፤ ልጅ እያስጠጉ እየረዱ እንደሆነ ከልባቸው ያምናሉ። ከበላያቸው ግን መሃል ከተማ ያለ ሰው አለ፣ ከእሱ በላይ ደግሞ እዚያ ማዶ ያለ መክተብ፣ ማለትም ሠራተኛ አስቀጣሪ ቢሮ። የእነሱ ድርሻ የሚቆረጠው ልጅቷ አውሮፕላን ስትሳፈር ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው አይመለከታቸውም።

ለልጅቷ እናት "እንዳትልኪያት" ብለሽ አትሂጂ። "ቀናሽ" ትባያለሽ፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ይልቅ ጥያቄ ይዘሽ ሂጂ። ኤጀንሲው ማን ይባላል? ቢሮው የት ነው? የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ አለው? ልጅቷ በሚኒስቴሩ ሥርዓት ተመዝግባ አሻራ ሰጥታለች? ስልጠና ወስዳ የብቃት ምዘና ተፈትናለች? ውሉ የታለ? ቪዛው የሥራ ነው የጉብኝት? ትኬቱን ማን ይከፍላል?

የመጨረሻዋን ጥያቄ አጥብቂያት። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የኢንሹራንስ ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትከፍለው ለፓስፖርት፣ ለሕክምና ምርመራ፣ ለልደት ማስረጃ፣ ከወንጀል ነፃ ለመሆኗ ማረጋገጫ፣ ለብቃት ምዘና የመሳሰለውን ነው። ስለዚህ "ለቪዛና ለትኬት 80 ሺህ አምጡ" የሚል ሰው ካለ ወይ ሕጋዊ አይደለም፣ ወይ የማይገባውን እየተቀበለ ነው። የጉብኝት ቪዛ የሚባለው ደግሞ ዋናው ወጥመድ ነው። በጉብኝት ዱባይ የገባች ልጅ የሥራ ውል የላትም። ቪዛው ሲያበቃ ሕገ ወጥ ናት። ከዚያ ወደ ዖማንም ሆነ ወደ ሌላ አገር ሲያሻግሯት "አይ" የምትልበት ወረቀት በእጇ የለም። እህትሽ "በዱባይ በኩል" ስትል የምታስበው ይህንኑ ከሆነ፣ እነዚህኑ ጥያቄዎች ከእሷም ጋር አንድ በአንድ እዩዋቸው። ከድጡ ወደ ማጡ እንዳይሆን።

ሕጋዊው መንገድ ገነት ነው አልልሽም። ማዳምን ደግ አያደርጋትም። ከፋላውም አይቀርም። ግን ኤጀንሲው ለውሉ ከአሠሪው ጋር አብሮ ተጠያቂ ነው፣ ያስያዘው የዋስትና ገንዘብም አለ። ደመወዝ ሲቀር አዲስ አበባ ላይ የምትከሽው አካል አለ ማለት ነው። በደላላ የሄደች ሰው ይህ የላትም።

ለዚህች ልጅ ግን ሕጋዊ መንገድ ብሎ ነገር የለም። ለውጭ አገር ሥራ 18 ዓመት መሙላት ግዴታ ነው። ሴትዮዋ "ፓስፖርት ላወጣላት ነው" ስትል ዕድሜ ሊጨመርባት ነው ማለት ነው። የልጅቷ እናት ይህን በደንብ ትስማ። መታወቂያዋ ላይ 23 ተብሎ የተጻፈላት ልጅ እዚያ አንድ ነገር ብትሆን ሕፃን እንደነበረች ማስረዳት ከባድ ነው። የውሸት ሰነዱም ለቤተሰቡ መዘዝ ነው።

ልጅቷንም አናግሪያት፣ ብቻዋን። ለምን መሄድ ፈለገች? ብዙ ጊዜ መልሱ ትምህርት ቤት ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውጤቱ በወጣ ሰሞን በየሰፈሩ ስንት ልጅ ተስፋ እንደቆረጠ ደላሎች ከእኛ ቀድመው ያውቃሉ። "ወድቀሽ ቤት ከምትቀመጪ" ነው የሚሏት። አንቺ ደግሞ ሌላ የሚጨበጥ ነገር ይዘሽላት ሂጂ፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ምዝገባ መቼ እንደሆነ፣ ምን ትምህርት እንዳለ፣ ስንት እንደሚከፈል። ባዶ "ተማሪ" አይሠራም። (ወንድምሽም ይህን ይስማ። ለወንዶቹ አሁን የመጣው ማታለያ "ታይላንድ የኮምፒውተር ሥራ" ነው። በዚያ መንገድ ሄደው ምያንማር ውስጥ በኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ግቢዎች ታግተው ከነበሩት መካከል በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በ2017 ተለቀዋል። እንግሊዝኛ የሚችል፣ የተማረ ልጅ ነው የሚፈልጉት።)

አሁን ወደ ፍርሃትሽ። ብትናገሪ የእህትሽ ስም ይነሳል? አይነሳም፤ ሁለቱን ካልቀላቀልሻቸው። የልጅቷ ጉዳይ አንድ መዝገብ ነው፣ የእህትሽ ሌላ መዝገብ ነው። ስለ ልጅቷ ለመጠቆም የእህትሽ ታሪክ አያስፈልግም። "በብሎካችን ያለች ሴት የ17 ዓመት ልጅ ወደ ውጭ ልትልክ እያዘጋጀች ነው" ማለት ይበቃል። በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 መሠረት ሰውን ለብዝበዛ መመልመል ራሱ ወንጀል ነው፤ እስክትሄድ መጠበቅ የለበትም። ተጎጂዋ ሕፃን ከሆነች ደግሞ መታለሏን ወይ መገደዷን ማስረዳት አይጠበቅም፣ "ፈቅዳ ነው" የሚለው መከላከያም አይሠራም። ተጎጂዋ ሴት ወይም ሕፃን ስትሆን ቅጣቱ ከ10 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ፈቃድ ሳይኖር ሰው ለሥራ ወደ ውጭ መላክም ለብቻው ያስጠይቃል።

የት ትሄጂያለሽ? ለአስቸኳይ ነገር የአዲስ አበባ ፖሊስን በ991 መደወል ይቻላል። ካልሆነ የወረዳችሁ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ግቢ፣ የሕፃናት ጉዳይ የሚይዘውን ባለሙያ ጠይቂ። እናንተ ዳር ላይ ያላችሁ ሰዎች አንድ ችግር አለባችሁ፤ ከለሚ ኩራ ትንሽ ወጣ ሲሉ ሸገር ከተማ ነው። ሴትዮዋ ልጆቹን የምታሳድርበት ቤት ከወሰኑ ማዶ ከሆነ "የእኛ ክልል አይደለም" የሚል መልስ ሊያጋጥምሽ ይችላል። በዚያ መልስ ቤትሽ አትመለሺ። አዋጁ የፌዴራል ነው። የት እንደሚመሩሽ በጽሑፍ ጠይቂ፣ የመለሰሽን ሰው ስም ያዢ።

የእህትሽን መዝገብ መክፈት ወይም አለመክፈት የእሷ ነው። ዛሬ አይሆንም ካለች ዛሬ አይሆንም። ይህን ደግሞ ንገሪያት፤ ሕጉ እሷን እንደ ተጎጂ እንጂ እንደ ወንጀለኛ አያያትም። በሕገ ወጥ መንገድ ስለ ወጣሁ እታሰራለሁ ብለው አፋቸውን የሚዘጉ ብዙ ናቸው። ለመመስከር ከወሰነች በአዋጅ ቁጥር 699/2003 የምስክር ጥበቃ መጠየቅ ይቻላል። የቀረባትን የሁለት ዓመት ደመወዝ ግን እንደምታገኝ ቃል አትግቡላት። በደላላ ለሄደ ሰው ከቤይሩት ገንዘብ ማስመለስ በጣም ከባድ ነው። ማዳም የሰጠቻት ዓይነት ባዶ ተስፋ ከእናንተም አይምጣ።

ሴትዮዋን ፊት ለፊት አትጋፈጫት። ቡና ከጠራችሽ እንደ በፊቱ ሂጂ፣ ሰላምታሽን አትቀንሺ። እድሩ ላይ ከሆነ ስም ሳይነሳ አንድ ነገር ማድረግ ይቻላል፤ ሊቀመንበሩን "ስለ ሕጋዊ ጉዞ የሚያስረዳ ሰው ከወረዳው ሥራና ክህሎት ይምጣልን" በሉት። ወርሃዊው ስብሰባ ላይ ሁሉም እናት የትኬቱን ጉዳይ በአንድ ቀን ከሰማች፣ የሴትዮዋ ገበያ ያለ ጠብ ይቀዘቅዛል።

ሴትዮዋ ለልጅቷ እናት የላከችው መልእክት፣ የቴሌብር ደረሰኝ፣ ልጅቷ የተነሳችው ጉርድ ፎቶ፣ የተጠቀሰ ስልክ ቁጥር ካለ እናትየዋ ምንም እንዳታጠፋ ንገሪያት። ከቴሌግራምም ከኢሞም ያለውን ስክሪን ሾት አድርጋ ወደ አንቺ ስልክ ትላከው፤ አንቺ ደግሞ ወረዳ ከመሄድሽ በፊት አሳትሚው። የልጅቷን የልደት የምስክር ወረቀት፣ ከሌለም የክትባት ካርዷን ወይም የትምህርት ቤት ማስረጃዋን ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ፤ እዚያ ስትደርሱ መጀመሪያ የምትጠየቁት ዕድሜዋን ነው።